ለነፍስ አድን ተግባር ሽልማት ማንን፣ ለምንና እንዴት እንጠቁም?

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው ረጅም ትግል ካዳበራቸው ባሕርያት ሁሉ ላቅ ያለውን ስፍራ የሚይዘው፣ የሌላውን ሕይወት ለማትረፍ ሲል የራሱን ለአደጋ አሳልፎ የመስጠት ባሕርዩ መሆኑ የሚካድ አይደለም። ጎርፍ በወሰደው መንደር፣ በተናደ የማዕድን ጉድጓድ፣ በሚቃጠል ቤትና በሚናወጥ ባሕር ላይ ይህ ባሕርይ በተደጋጋሚ ታይቷል። ይሁን እንጂ የባሕርዩ መኖር ብቻውን በቂ አይደለም። አንድ ኅብረተሰብ ከራሱ አብራክ የወጡትን ነፍስ አዳኞች ለይቶ የሚያውቅበት፣ ሥራቸውን የሚመዘግብበትና ለመጪው ትውልድ የሚያስተላልፍበት ሥርዓት ከሌለው፣ የተሠራው ታላቅ ሥራ ከሠሪው ጋር አብሮ ይቀበራል። በዚህ ጽሑፋችን የምንመረምረውም ይህንኑ ነው። ለፍለጋና ለነፍስ አድን ተግባር በሚሰጥ ሽልማት ማን ይጠቆም? ለምን ይጠቆም? ጥቆማውስ እንዴት ይቅረብ?

ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ እንዳልሆነ ለመገንዘብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰውን እናስታውስ። ከባድ ዝናብ ካራሰው ተራራ የተናደ አፈር በመጀመሪያ የጥቂት ቤተሰቦችን መኖሪያ ቀበረ። የአካባቢው ነዋሪ ይህን በሰማ ጊዜ አካፋና ዶማ ያለው መሣሪያውን ይዞ፣ የሌለው በባዶ እጁ ወደ ስፍራው ተመመ። በቁፋሮው ላይ ሳሉ ግን ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ፤ ሊያድን የመጣውንም ይድናል ተብሎ ከተጠበቀው ጋር አንድ ላይ ቀበረው። ከ200 በላይ ወገኖች አለቁ። ከሟቾቹ የሚበዙት ሌሎችን ለማዳን የሮጡ እንደነበሩ በወቅቱ የአካባቢው ባለሥልጣን የገለጹ ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙባቸው ነበር።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ ሰንደቅ ዓላማም ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። ይህ ተገቢ ነበር። ነገር ግን የሐዘን አዋጅ ሁሉንም በጅምላ የሚያስብ ነው። በዚያች ጠዋት ማን ቀድሞ ደረሰ? ማን የማንን ልጅ ከጭቃ አወጣ? ማን «ተራራው ገና አልረጋም፣ ወደ ኋላ በሉ» ብሎ ጮኸ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው ጎረቤት ብቻ ነው። ጎረቤቱ ካልጻፈው፣ ካልመሰከረና ካልጠቆመ ማንም ሊጽፈው አይችልም። የጉዳዩም ክብደት እዚህ ላይ ነው።

ሽልማት ለምን አስፈለገ?

«ሰውን ማዳን የሰብአዊነት ግዴታ ነው፤ ግዴታውን ለተወጣ ሰው ሽልማት ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ነፍስ አዳኞቹ ራሳቸውም ብዙውን ጊዜ «በእኔ ቦታ የነበረ ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት» በማለት ምስጋናውን ሲገፉ ይሰማል። ትሕትናው የሚያስከብር ነው። ሆኖም የእነርሱ ትሕትና ለእኛ ዝምታ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሽልማት የደም ዋጋ አይደለም፤ ለሕይወት ዋጋ የሚተምን ሚዛንም የለም። ጠቀሜታው በሦስት መልክ ሊታይ ይገባል።

አንደኛው ትምህርታዊ ጠቀሜታው ነው። ልጆቻችን የሚያደንቁት እኛ የምናከብረውን ነው። በአደባባይ የሚመሰገነው ገንዘብ ያካበተና ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ ብቻ ከሆነ፣ ልጆቹ የሚቀስሙት ያንኑ ይሆናል። በአንጻሩ የጎረቤቱን ሕፃን ከሚቃጠል ቤት ያወጣ የቀን ሠራተኛ በሰፈሩ ፊት ቆሞ ስሙ ሲጠራ፣ ትምህርቱ ከብዙ ንግግር የበለጠ ይሰርጻል።

ሁለተኛው ለቤተሰብ የሚኖረው ጠቀሜታ ነው። በዚህ ረገድ ከታሪክ አንድ ጭብጥ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 25 ቀን 1904 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ሃርዊክ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ 179 ሠራተኞች አለቁ። ሴልዊን ቴይለር የተባለ የማዕድን መሐንዲስና ዳንኤል ላይል የተባለ የማዕድን ሠራተኛ የተረፈ ሰው ካለ ለመፈለግ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ፤ ሁለቱም በውስጡ በቀረው መርዛማ ጋዝ ሕይወታቸውን አጡ። በዚያው ዓመት የብረት ኢንዱስትሪ ባለሀብቱ አንድሩ ካርኔጊ በ5 ሚሊዮን ዶላር «የካርኔጊ የጀግኖች ፈንድ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ሜዳልያ ብቻ አልሰጠም፤ ሌላውን ለማዳን ሲሉ ለሞቱት ቤተሰቦች መተዳደሪያ፣ ለተጎዱትም ድጋፍ ማድረግን የሥራው አካል አደረገው። እስከ ዛሬም ከ10,000 በላይ ሰዎች ሜዳልያውን አግኝተዋል።

እርግጥ ነው፣ ከፍንዳታ በኋላ ከሚሰጥ ሜዳልያ ይልቅ ፍንዳታውን አስቀድሞ የሚከላከል የሥራ ደኅንነት ለማዕድን ሠራተኛው ይበልጥበታል። ሽልማት የጥንቃቄ ምትክ ሆኖ ከቀረበ ሸንጋይ ይሆናል። ይህን ከዘነጋን የጀግና ስም እየጠራን ጀግና የሚያስፈልግበትን አደጋ በቸልታ እናራባለን።

ከዚህ በመነሣትም ወደ ሦስተኛው ጠቀሜታ እንደርሳለን። በሚገባ የተጻፈ ጥቆማ የአደጋው ምስክር ነው። ጎርፉ በየት በኩል መጣ? እሳቱ ከምን ተነሣ? ጉድጓዱ ለምን ክፍት ቀረ? የነፍስ አዳኙን ሥራ በእውነት የሚተርክ ሰው እነዚህን ሁሉ መተረኩ አይቀርም። የተጠራቀሙ ጥቆማዎች ለአንድ ሰፈር የአደጋ ካርታው ናቸው ማለት ይቻላል።

ማን ይጠቆም?

ታሪክ እንደሚያስተምረን፣ በዚህ ረገድ ተደጋግሞ የሚፈጸመው ስሕተት የብዙዎችን ሥራ በአንድ ሰው ስም መጠቅለል ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 7 ቀን 1838 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ጠረፍ፣ በፋርን ደሴቶች አጠገብ «ፎርፋርሻየር» የተባለች መርከብ በማዕበል ከአለት ጋር ተጋጭታ ተሰበረች። ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየው የሎንግስቶን መብራት ጠባቂ ዊልያም ዳርሊንግ የ22 ዓመት ልጁን ግሬስን ይዞ በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ ወደ አለቱ ደረሰ። በሁለት ጉዞ ዘጠኝ ሰዎች ዳኑ። በሁለተኛው ጉዞ ከአባትየው ጋር የቀዘፉት ደግሞ ከተረፉት መርከበኞች ሁለቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1824 የተመሠረተው የብሪታንያ የባሕር ላይ ነፍስ አድን ተቋም ለአባትም ለልጅም የብር ሜዳልያ ሰጠ። ጋዜጦቹ ግን የልጅቱን ስም ብቻ አነሡ፤ ሠዓሊዎች እርስዋን ለመሣል ተሽቀዳደሙ።

በዚያው ቀን ከኖርዝ ሰንደርላንድ መንደር የግሬስ ወንድም የሚገኝባቸው ሰባት ሰዎች በዚያው ማዕበል ውስጥ ጀልባ እየቀዘፉ ወደ መርከቧ ስብርባሪ ሄደው ነበር። ሲደርሱ ያገኙት ሬሳ ብቻ ነው። የእነዚህ ሰባት ሰዎች ድፍረት ከግሬስ ድፍረት በምን ያንሳል? የቀዘፉት ባሕር ያው ነው፤ ልዩነቱ የደረሱበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጥቆማ የሚያቀርብ ሰው በመጀመሪያ ሊረዳው የሚገባው መርሕ፣ የሚሸለመው የተገኘው ውጤት ብቻ ሳይሆን የተከፈለው ጥረትና የተደፈረው አደጋ ጭምር መሆኑን ነው። ሳያተርፍ የተመለሰውም ነፍስ አዳኝ ነው።

ከእኛ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በታይላንድ በታም ሉዋንግ ዋሻ የተፈጸመውን እንመልከት። 12 ታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾችና አሠልጣኛቸው ጁን 23 ቀን ወደ ዋሻው እንደገቡ ውኃ መውጫቸውን ዘጋው፤ የመጨረሻዎቹ የወጡት ጁላይ 10 ቀን ነው። በጠባቡና በድፍርስ ውኃ በተሞላው መተላለፊያ ጠልቀው ልጆቹን ያወጡት የውጭ አገር ጠላቂዎች በየአገራቸው የጀግንነት ሜዳልያ ተሸለሙ። ወደ ዋሻው የአየር ጋን ሲያደርስ ሕይወቱ ያለፈው የቀድሞው የታይላንድ ባሕር ኃይል ጠላቂ ሳማን ኩናንም በአገሩ ታላቅ ክብር ተሰጠው። ይህ ሁሉ የሚገባ ነው። ይሁንና ከዋሻው በፓምፕ የሚወጣው ውኃ የሩዝ ማሳቸውን ሲያጥለቀልቀው «ሩዝ እንደገና ይዘራል» በሚል መንፈስ የታገሡ ገበሬዎች ነበሩ። የአዳኞቹን ጭቃ የለበሰ ልብስ ሌሊት እያጠቡ ለጠዋት የሚያደርሱም ነበሩ። ምግብ የሚያበስሉ ሴቶች፣ ቧንቧ የሚዘረጉ ሠራተኞችም እንዲሁ። ጠላቂው ያለ እነዚህ ሁሉ አንድም ቀን አይጠልቅም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከዚህ አኳያ ጥቆማው እንደ ሥራው ጠባይ የቡድን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 ሜክሲኮ ከተማን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃዎችን ባፈራረሰ ጊዜ፣ የከተማው ነዋሪዎች ማንንም ሳይጠብቁ ወደ ፍርስራሹ ገብተው በእጃቸው መቆፈር ጀመሩ። ከእነርሱም መካከል በጠባብ ቀዳዳ እየተሳቡ ሰው የሚያወጡት «ሎስ ቶፖስ» ማለትም «ፍልፈሎቹ» ተባሉ፤ ኋላም በማኅበር ተደራጅተው በሌሎች አገሮች አደጋ በደረሰ ጊዜ ሁሉ የሚሮጡ በጎ ፈቃደኞች ሆኑ። ከፍልፈሎቹ አንዱን ለይቶ ማውጣት ሥራውን ማዛባት ይሆናል። በአዲስ አበባ በቆሼ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን በገደለ ጊዜም ከቆፋሪ ማሽኖቹ ጎን ቆመው ወገናቸውን የፈለጉት ዘመድና ጎረቤት ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠቆመው ሰፈሩ፣ እድሩ፣ ማኅበሩ ነው።

ሁለተኛው መለየት ያለበት ነጥብ የጀግንነትና የአገልግሎት ልዩነት ነው። ጀግንነት በአንድ ሰዓት ሊፈጸም ይችላል፤ አገልግሎት ግን ዓመታትን ይጠይቃል። የካርኔጊ ድርጅት ነፍስ ማዳን መደበኛ ሥራው የሆነን ሰው የሚሸልመው ተግባሩ ከግዴታው በግልጽ አልፎ ሲገኝ ብቻ ነው። መመዘኛው ለዚያ ዓይነት ሽልማት ትክክል ነው። ነገር ግን ደወል በተደወለ ቁጥር የሚነሣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ በክረምት ጎርፍ የወሰደውን ሰው ወንዝ ለወንዝ የሚፈልገው ጠላቂ ዋናተኛ፣ ሌሊቱን ሙሉ አምቡላንስ የሚያሽከረክረው ሹፌርና የአደጋ ጥሪ የሚቀበለው የስልክ ሠራተኛ «ደመወዙ ነው» ተብለው ሊታለፉ አይገባም። ለእነርሱ የሚስማማው የአገልግሎት ሽልማት ነው። ጥቆማቸውም የአንድ ቀን ገድል ሳይሆን የዓመታት ጽናትን የሚያሳይ መሆን አለበት። ስንት ጥሪ ወጣ? ስንት ወጣት አሠለጠነ? የወደቀ መሣሪያ ጠግኖ ሥራ ላይ ያዋለው ማን ነው? በተለይም ሬሳ ፍለጋ የሚጠልቀውን ሠራተኛ እናስታውስ። እርሱ የሚያወጣው በሕይወት ያለ ሰው አይደለም። ያም ሆኖ ለአንዲት እናት ልጅዋን አፈር የምታለብስበትን ዕድል የሚሰጣት እርሱ ነው።

ድፍረትና ዕውቀት

ከሁሉ በላይ ሊሰመርበት የሚገባው ሦስተኛው ነጥብ በድፍረትና በዕውቀት መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ሠራተኛው ክፍል ይህን በሚገባ ሊያጤነው ይገባል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንደ ጉድጓድ፣ ታንከርና የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ባሉ አየር በማይዘዋወርባቸው ስፍራዎች ከሚሞቱት ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ መሆናቸውን ገልጿል። ሂደቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አንዱ ጉድጓድ ለማጽዳት ይወርዳል፤ በማይታይና አንዳንዴም በማይሸት ጋዝ ተመቶ ይወድቃል። ወንድሙ «የወደቀው አዳልጦት ነው» ብሎ ይከተለዋል። ሦስተኛው ሁለቱን ሊያወጣ ይገባል። በደቂቃዎች ውስጥ አንድ አደጋ ሦስት ቤት ያፈርሳል።

ታዲያ የሚሸለመው ማን ነው? ተከትሎ የገባው ወንድም ፍቅሩ የማይጠረጠር ነው፤ መታሰቢያም ይገባዋል። ነገር ግን አራተኛውን ሰው በክንዱ ይዞ ያስቀረ፣ «አትግባ! ገመድ አምጡ፣ አየር የሚነፋ አምጡ፣ 939 ደውሉ» ያለ ሰው ቢኖር እርሱስ? ያ ሰው ምናልባት በዚያ ሰዓት «ፈሪ» ተብሎ ተሰድቧል። ልጇ ከጉድጓዱ የቀረባት እናት ይቅር ለማለት ትቸገር ይሆናል። ሆኖም ያተረፈው ሕይወት እንደ ማንኛውም ነፍስ አዳኝ ያተረፈው ሕይወት እውነተኛ ነው። ሽልማታችን ዘሎ የገባውን ብቻ የሚያከብር ከሆነ፣ ወጣቱን የምናስተምረው ሳይመረምር እንዲሞት ይሆናል። በጎፋ ተራራ የወደቁትን ስናከብር ይህን ትምህርት ከክብራቸው መነጠል አይገባንም። እነርሱ በድፍረት አልጎደሉም። የጎደለው፣ ሁለተኛውን ናዳ አስቀድሞ የሚጠባበቅ ሰው በከፍታ ላይ አቁሞ የመቆፈር ልምድና ዝግጅት ነበር። የዚህ ጉድለት ተጠያቂዎች በጭቃው ውስጥ የቀሩት ሳይሆኑ በሕይወት ያለነው ነን።

የዕውቀትን ሚና ለማሳየት አንድ የራሳችንን ታሪክ እንጨምር። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 አውሮፕላን በሦስት ጠላፊዎች ተይዞ ነዳጁ በማለቁ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ካፒቴን ልዑል አባተና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ከጠላፊዎች ጋር እየታገሉ ያደረጉት ጥረት በዓለም አቪዬሽን ዘንድ ተደንቋል። አውሮፕላኑ የወደቀው ከባሕሩ ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ ስለነበረም የደሴቲቱ ነዋሪዎችና በአቅራቢያው በነበረው ሆቴል ያረፉ ጎብኚዎች በጀልባ ፈጥነው ደረሱ፤ ለዕረፍት የመጡ የፈረንሳይ ሐኪሞችም ቁስለኞቹን ረዱ። በአንጻሩ የነፍስ አድን ሰደርያቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ በአየር የሞሉ መንገደኞች ውኃው ወደ ጣሪያ አንሥቶ መውጫ አሳጣቸው። አንዲት ትንሽ ዕውቀት በሞትና በሕይወት መካከል ቆማ ነበር። የካፒቴኑን ስም ብዙዎቻችን እናውቃለን። ወደ ባሕሩ የገሠገሡትን የኮሞሮስ ዓሣ አጥማጆችና ጎብኚዎች ስም የሚያውቅ ግን ከእኛ መካከል ስንቱ ነው?

ጥቆማው እንዴት ይቅረብ?

የማኅበር አባላትና ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ «እኛ ማን ነንና ነው የምንጠቁመው? ይህ የባለሥልጣን ሥራ ነው» ሲሉ ይሰማል። ይህ አመለካከት መታረም አለበት። የካርኔጊ ድርጅት ከማንኛውም ሰው ጥቆማ ይቀበላል። በአገራችንም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ የቆየው የበጎ ሰው ሽልማት ዕጩዎቹን በሕዝብ ጥቆማ መሠረት ይመርጥ እንደነበር ይታወሳል። ዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በባሕር ላይ ለተፈጸመ ልዩ ጀግንነት በሚሰጠው ሽልማት የሚጠቁሙት አባል መንግሥታትና ዕውቅና ያላቸው ድርጅቶች ናቸው፤ ጥቆማው በመጀመሪያ በባለሙያዎች ቡድን ተጣርቶ ቀጥሎ ለዳኞች ይቀርባል። ይሁንና መንግሥትም ቢጠቁም የሚጽፈው በስፍራው የነበረ ሰው የነገረውን ነው። የጥቆማ ሁሉ ምንጭ የዓይን ምስክር ነው።

ስለዚህ ምስክርነቱ እንዴት ይጻፍ? «እገሌ ታላቅና ወደር የማይገኝለት ጀግንነት ፈጽሟል» የሚል ዓረፍተ ነገር የጸሐፊውን ስሜት እንጂ የተጠቋሚውን ሥራ አይገልጽም። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ተብሎ ቢጻፍስ? «ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ወንዙ ድልድዩን ሸፍኖ ነበር። ልጁ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ 15 ሜትር ያህል ርቆ ነበር። እርሱ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ሁለት ጊዜ ውኃው መለሰው፤ በሦስተኛው ደረሰ።» አንባቢው ጀግንነቱን ራሱ ይፈርዳል። ይህን ያነበበ አጣሪ ቀጥሎ የሚጠይቀው ደግሞ ግልጽ ነው፦ የገመዱን ጫፍ የያዙት እነማን ነበሩ? እነርሱም በጥቆማው ውስጥ ይግቡ።

በጠቅላላው አንድ ጥቆማ የሚከተሉትን ማሟላት ይኖርበታል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስፍራውን በትክክል ይግለጽ። የአደጋውን ዓይነትና ነፍስ አዳኙ ምን ያህል አደጋ እንደተጋረጠበት፣ አደጋውንም አውቆ እንደገባ ያስረዳ። ነፍስ አዳኙና የዳነው ሰው ምን እንደሚዛመዱ አይደብቅ፤ አባት ልጁን ማዳኑ የሚጠበቅ ነውና አንዳንድ ሽልማቶች የቅርብ ቤተሰብን በተለየ መመዘኛ ያያሉ። ቢያንስ ሁለት እርስ በርሳቸው ያልተነጋገሩ ምስክሮችን ቃል ያያይዝ። የተባበሩትን ሁሉ በስም ይዘርዝር። በመጨረሻም ጊዜ አይለፈው። የካርኔጊ ድርጅት ተግባሩ ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተነገረው አይቀበልም። ምክንያቱም ትዝታ ይደበዝዛል፤ ምስክር ይሰደዳል፤ ወሬ እውነቱን ይተካዋል።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ዝንባሌዎች

መልካም ዓላማ በመጥፎ አሠራር እንደሚበላሽ ልንዘነጋ አይገባም። ከዝንባሌዎቹ የመጀመሪያው አለቃን መጠቆም ነው። በአደጋው ስፍራ የተገኘው ኃላፊ መመሪያ በመስጠቱ ሊመሰገን ይችላል፤ ነገር ግን በጭቃ ውስጥ የተንበረከከው ሠራተኛ ሥራ ወደ እርሱ መተላለፍ የለበትም። ሁለተኛው ዝምድና ነው። የእኔ ዘር፣ የእኔ ሰፈር፣ የእኔ እምነት እያሉ መጠቆም የነፍስ አዳኙን መንፈስ ይጻረራል፤ እርሱ እጁን ሲዘረጋ የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቀምና። ሦስተኛው ካሜራ መከተል ነው። ዛሬ በየእጃችን ባለው ስልክ የተቀረጸው ብቻ ጀግንነት እየመሰለን መጥቷል። በጨለማ፣ መብራት በሌለበት፣ ማንም በማይቀርጽበት ስፍራ የተሠራው ሥራ ግን ይበዛል። ከዚህም ጋር የዳነውን ሰው ክብር መጠበቅ ተገቢ ነው። ሳይፈቅድ ምስሉን ማሳየት፣ የደረሰበትን መከራ ለጭብጨባ ማቅረብ ሁለተኛ ጉዳት ነው።

አራተኛው ሰበብ ያለ ይመስላል፤ እርሱም የሞተውን መርሳት ነው። ሕያው መድረክ ላይ ወጥቶ ይታያል፤ ሟች ግን የሚወጣለት ሰው ያስፈልገዋል። ሌላውን ለማዳን የወደቀ ሰው ስም በየዓመቱ በእድሩ ስብሰባ ላይ ቢነበብ፣ ልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ እንዳይቸግራቸው ጎረቤቱ ቢተባበር፣ ይህ ከማንኛውም ሜዳልያ የማያንስ ሽልማት ነው። ለዚህ ደግሞ የሩቅ ድርጅትን ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልግም።

ወደ ተነሣንበት ተራራ እንመለስ። በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ብዙ ምስክሮች ከሚመሰክሩላቸው ጋር አብረው ተቀብረዋል። ሊጠቁም የሚችለው ሰው ራሱ ተጠቋሚ ሆኖ ቀርቷል። ይህ የቀረነውን ሰዎች ኃላፊነት ይበልጥ ያከብደዋል። በዚያች ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ያየችው ሚስት፣ አካፋ ያዋሰው ጎረቤት፣ «አሁን እመለሳለሁ» ሲል የሰማ ልጅ፣ መምህሩ ሳይመጣ የቀረበት የክፍል አለቃ፣ እያንዳንዳቸው የምስክርነቱን አንዳንድ ቁራጭ ይዘዋል። ቁራጮቹ ካልተሰበሰቡ «ከ200 በላይ» የሚለው ቁጥር ብቻ ይቀራል። ቁጥር ደግሞ አካፋ ይዞ አልወጣም፤ የወጡት ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው።

በመሆኑም እያንዳንዱ ቀበሌ፣ እድርና የሠራተኛ ማኅበር አንድ መዝገብ ይክፈት። በክረምቱ ጎርፍ፣ በበጋው ቃጠሎ፣ በፋብሪካው አደጋ፣ በመንገድ ላይ ግጭት ጊዜ ለሌላው የደረሰውን ሰው ስም፣ ቀኑንና የምስክሮቹን ቃል ሳይውል ሳያድር ያስፍርበት። በዓመቱ መጨረሻ አባላቱ ተሰብስበው መዝገቡን ያንብቡ፤ ለአገልግሎት ሽልማት የሚገባውን፣ ለጀግንነት ሽልማት የሚገባውን፣ ቤተሰቡ ሊረዳ የሚገባውን በውይይት ይለዩ። በዚያው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ደግሞ አይታለፍ፦ ይህ ጀግና ያስፈለገው ለምን ነበር? ጉድጓዱ ተከድኗል? ተዳፋቱ ተጠንቷል? ገመድና አካፋው በማን ቤት ይቀመጣል? የነፍስ አዳኝ እውነተኛ ክብር፣ እርሱ የገባበት አደጋ ሌላ ሰው እንዳይውጥ ማድረግ ነው። ይህን መዝግቦ፣ መስክሮና ጠቁሞ ማስፈጸም ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ተግባር ነው።